የእሑድ ስልክና የእማዬ ግፊት

ጥቅምት 4

ለእትዬ፣

ይህች ደብዳቤ ሥራ ባልበዛበት፣ ወገብሽንም ባልቆረጠሽ ቀን ትድረስሽ። እኔ አለሁ፤ ጤናዬ ደህና ነው፣ እንቅልፌ ግን ጥሎኝ ጠፍቷል። ክፍሌ ከጎሚስታው በላይ መሆኗን ታውቂያለሽ። ከታች ጎማ በተነፋ ቁጥር አልጋዬ አብሮ ይነፋል።

በስልክ መንገር ስችል በምትሠሪበት ሱቅ ኢሜይል የምጽፍልሽ፣ እማዬ ድምፅ ማጉያውን ካልከፈታችሁ ብላ ስለምትቆጣ ነው። ባለፈው ደብዳቤሽ እማዬን የምታያት ነርስ ያለችውን ጽፈሽልኝ ነበር። የደም ግፊቷ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል፣ የሚያውካት ነገር ካለ ደርሳችሁበት ንገሩኝ ብላለች። አንቺ ደግሞ ከሥር፣ «የሚያውካትማ ያንተ ስልክ ነው፤ ከዘጋህ በኋላ እኮ ቤቱን ስትዞር ነው የምታመሸው» ብለሽ ጨመርሽበት። ቀልድሽን እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ ቀልደሽ ተኛሽ፣ እኔ ይኸው እገላበጣለሁ።

ስለዚህ ይህን ነገር በግምት አልተወውም። እዚህ በሰው አገር ጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ እንጀራዬ ይኸው ነው። የምድጃውን ሙቀት በአንድ ዓምድ፣ የተሰነጠቀውን ጠርሙስ በሌላ ዓምድ ኤክሴል ላይ እጽፍና ኮሬል የሚባለውን ቀመር አስገባለሁ። ቀመሩ ሁለቱን ዓምዶች አስተያይቶ አንድ ቁጥር ይሰጠኛል። ቁጥሩ ወደ አንድ ከተጠጋ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ከዜሮ በታች ወርዶ ወደ ነጋቲቭ አንድ ከሄደ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ዜሮ አካባቢ ከቀረ ግን አይተዋወቁም፣ ባዳ ናቸው።

በየእሑዱ ስልክ ከዘጋን በኋላ ግፊቷን ለክተሽ ካላንደሩ ላይ እንደምትጽፊ አውቃለሁ። ያወራንበትን ደቂቃም ከጎኑ ትጽፊያለሽ፤ አንቺ የማትጽፊው ነገር የለም። ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን፣ ደቂቃውን በአንድ ዓምድ፣ የግፊቷን የላይኛውን ቁጥር በሌላ ዓምድ አድርገሽ በሱቁ ኮምፒውተር ጻፊና ላኪልኝ። ስልኬ የሚጎዳት ከሆነ ማወቅ አለብኝ።

እጅሽ አይዛል፣ ቤታችሁ ሰላም ይሁን።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ለመርማሪው ወንድሜ፣

ባለህበት ክፉ አይንካህ፣ ያ ጎሚስታም ጎማ ይጥፋበት። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጠዋት ከደረጃው ሥር ካለችው ጎረቤት ጋር ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልታ፣ ከሰዓት ታርቃ፣ ማታ እንደገና ተጣልታለች።

አይ አንተ! ልጅ ሳለህ ሬዲዮኑን ፈታተህ ሰውዬው የት እንደተቀመጠ የፈለግከው አነሰህና አሁን ደግሞ እናትህን ልትፈታታ? እኔ ቀልዴን ነበር። ከዘጋህ በኋላ ቤቱን መዞሯ ግን እውነት ነው። ወንበር ታንቀሳቅሳለች፣ መጋረጃ ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። «ተቀመጪ እንጂ» ስላት «እግሬ ነው፣ እኔ ምን ላድርገው» ትለኛለች።

የዘገየሁት በሱቁ ምክንያት ነው። ባለሱቁ ቆጠራ ካልተደረገ ብሎ የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ የመርፌ ዓይነት ሁሉ እንደገና እንድጽፍ አደረገኝ። በዚያ ላይ አንዲት ደንበኛ የካፖርቷ ቁልፍ ወድቆባት፣ መሳቢያውን ሁሉ አስከፍታኝ፣ በመጨረሻ «ለካ ኪሴ ውስጥ ነው» ብላኝ ሄደች። ሰው እንዴት ነው እንዲህ የሚያደርገው?

ያልከውን ሠርቻለሁ። ከካላንደሩ አንድም ሳልዘል ገልብጬ፣ ለሱቁ እንደማደርገው ቆንጆ አድርጌ አስተካክዬ ልኬልሃለሁ። ቀን ጻፊ ስላላልከኝ አልጻፍኩም። የተዝረከረከ ወረቀት ለሰው እንደማልሰጥ ታውቀኛለህ። እመ ሥርዓት ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ።

የወጣውን ቁጥር ንገረኝ፣ እስቲ እንሳቅ። እሑድ ስትደውል እማዬ እንደ ባለፈው ስለ ገመዱ ትነግርሃለች፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ከእሷ ጋር ወግን።

ዕድሜ ይስጥህ።

እህትህ


ጥቅምት 21

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

የላክሽው ደርሶኛል፣ እጅሽን ይባርከው። ቁጥሩንም አውጥቼዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ እናወራበታለን። ፋብሪካው የሥራ ሰዓት ስለቀየረብኝ እሑድ እሑድ መደወል አልችልም። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ለእማዬ አንቺ ንገሪያት፣ ቀስ ብለሽ። ክኒኗን በሰዓቱ ትዋጥ። ደረጃ አታብዛ። ግፊቷን ግን መለካትሽን አታቋርጪ፣ በየእሑዱ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ።

አደራ።

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ለወንድሜ፣

የላይኛው ይጠብቅህ። ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው የጻፍክልኝ? ቴሌግራም እንኳ ከዚህ ይረዝማል።

እማዬን እንዳልከኝ ቀስ ብዬ ነገርኳት። «ሥራ ነው፣ ምን ያድርግ» አለች። ከዚያ ስልኩን አንስታ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መስኮቱ ስታመላልሰው አመሸች፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ፍለጋ። እሑድ ባይመቸው ሰኞ ሊደውል ይችላል፣ ማክሰኞም አለ ትላለች። እኔም ያንኑ እላለሁ። ማክሰኞ የለም እንዴ እናንተ አገር?

ቁጥሩስ ስንት ወጣ? ልንስቅበት አልነበር?

ጤናዋን ለጠየቅከኝ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች።

እህትህ


ኅዳር 12

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሥራው ጠምዶ ይዞኛል፤ ሰኞም ማክሰኞም ያው ነው። ድካም ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም፣ አትጨነቂ።

ደህና ናት ስትዪኝ አይበቃኝም። ግፊቷ ስንት ነው? ወረደ ወይስ አልወረደም? በቁጥር ጻፊልኝ እባክሽ። አንቺ የልብስ ቁልፍ እንኳ በሚሊሜትር የምትለኪ ሰው ነሽ፤ የእናታችንን ግፊት «ደህና» ብለሽ አትለፊው።

ሰላም ሁኚልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 30

አንተ ሰው፣

ሰላምታውን ሆድህ ያውቀዋል፤ ዛሬ ለመመረቅ አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

እማዬ ስልኩን ጠጋኝ ቤት ወስዳዋለች። ብቻዋን፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ። «ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አይገባበትም፣ እዩልኝ» ብላቸዋለች። ሰውየው ከፍቶ አይቶ «እማማ፣ ስልኩ ምንም አልሆነም» ሲላት፣ «በደንብ እየው» ብላ እዚያው ተቀምጣ ሁለተኛ አስከፍታዋለች። ይህን የነገረኝ ጠጋኙ ነው፤ ሱቃችን ድረስ መጥቶ፣ አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ። እኔ እዚያው ቁልፍ ስቆጥር ቁጥሩ ጠፍቶብኝ አለቀስኩ።

አሁን ወሬዋ ሁሉ አንተ ታመሃል የሚል ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ነው የምትደብቂኝ ትለኛለች። ትናንት ደግሞ «ምን ብዬው ይሆን? ያን ቀን ስለ ገመዱ ሳወራ አሰለቸሁት መሰለኝ» አለችኝ። ሰባ ዓመት አልፏት፣ የወለደችውን ልጅ አሰለቸሁት ብላ ስታስብ ታድራለች። ይህ ነው እንግዲህ ያልከው ሥራ!

አግብተህ ከሆነ ንገረን፣ እልል እንላለን። ታስረህ ከሆነም ንገረን። ተቀይመኸኝ ከሆነ ደግሞ እኔን ስደበኝና ለእሷ ደውል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ ያንተ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ግፊቷ ደህና ነው ብዬሃለሁ። ደጋግመህ አትጠይቀኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 2

ለእትዬ፣

እግርሽ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሥራ ሰዓቴ አልተቀየረም። አልታመምኩም፣ አላገባሁም። እሑድ እሑድ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ነው የምውለው።

የላክሽልኝን ሁለት ዓምድ ቀመሩ ውስጥ ሳስገባ የወጣው ዜሮ ነጥብ ዘጠና ስምንት ነው። እትዬ፣ ይህን ቁጥር ፋብሪካ ውስጥ እንኳ አይቼው አላውቅም። ምድጃና ጠርሙስ እንኳ እንዲህ አይተሳሰሩም። ባወራሁ ቁጥር ግፊቷ ይወጣል፤ ብዙ ባወራሁ ቁጥር ብዙ ይወጣል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

የቀመሩስ ይቅር። ዓምዱን በዓይኔ ወደ ታች ተከተልኩት። በሐምሌ መጀመሪያ 131 ነበረች። ከዚያ 133፣ ከዚያ 134፣ እያለ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይወርድ እንደ ደረጃ ወጥቶ ወጥቶ የመጨረሻው እሑድ 161 ይላል። ወሬያችንም እየረዘመ ነው የሄደው፤ የመጨረሻው ከሁሉም የረዘመ ነው። ብቸኝነቱ ሲብስብኝ እኔም አለመዝጋቴን አውቀዋለሁ። ለራሴ ስል እናቴን እየገደልኳት ነበር አልኩ።

ለእሷ ብነግራት «የምን ቁጥር ነው፣ ደውል» እንደምትለኝ፣ እኔም እሺ እንደምል አውቃለሁ። ለዚህ ነው የሆዴን በሆዴ የያዝኩት። አሁን ፍረጂ። እንድደውል ከፈለግሽ መጀመሪያ ግፊቷ ወርዶ እንደሆነ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ለወንድሜ፣

እንዴ! የምን ደረጃ ነው የምታወራው?

ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩና ባለሱቁን «መጣሁ» ብዬ ሮጬ ቤት ገባሁ። ካላንደሩን አየሁት። የመጨረሻው እሑድ 138 ናት! በዚያ ቀን እኮ ልብሱን ራሷ አጥባ ራሷ ሰቅላለች። 161 የሆነችው ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ውሃው ሦስት ቀን ጠፍቶ ባልዲ ስታመላልስ የሰነበተች ጊዜ። ያኔ ደግሞ አንተ ቸኩለህ ነበር፤ አስራ አንድ ደቂቃ ነው ያወራችሁት። 131ም ሐምሌ ላይ አይደለም፣ መስከረም አጋማሽ ነው። አንድ ሳምንት ትወጣለች፣ በሌላው ትወርዳለች። ነርሷስ የጠየቀችን እሱን አይደል እንዴ?

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

በሱቃችን ሰንጠረዥ ላይ የልብስ ቁልፍ አንድ ዓምድ፣ ዚፕ አንድ ዓምድ፣ ላስቲክ አንድ ዓምድ ነው። ጎን ለጎን ይጻፉ እንጂ አንዱ ከሌላው ጉዳይ የለውም። ስለዚህ ጽፌ ስጨርስ እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው ከትንሽ ወደ ትልቅ እደረድረዋለሁ፤ ባለሱቁ የሚወደው እንደዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ «ጎኑ ያለውንም አብሬ ልደርድር?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ሁልጊዜ «አትነካካ፣ ይህን ብቻ» እለዋለሁ። ያንተንም እንደዚያው አደረግኩት። ደቂቃውን ለብቻው ደረደርኩ። ግፊቱን ለብቻው ደረደርኩ። አምሮልኝ ነበር እኮ!

ትንሹን ደቂቃ ከትንሹ ግፊት፣ ትልቁን ከትልቁ ጋር ያጋባሁት እኔ ነኝ። እናታችን አይደለችም፣ ስልክህም አይደለም። ወይኔ ጣቴን በቆረጠው!

ግን አንተም አታመልጥም። የመጨረሻ ቀን ስንት ደቂቃ እንዳወራህ የራስህ ስልክ ላይ ተጽፎ የለም? አንድ ጊዜ ብታየው ምን ነበረበት? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ካላንደሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከራሱ ገልብጥ፣ እኔ ሳልነካካው።

እህትህ


ታኅሣሥ 5

ለእትዬ፣ ለእመ ሥርዓት፣

ሺህ ዓመት ኑሪልኝ! ጣትሽም አይቆረጥ፣ ያስፈልገናል።

ከፎቶው ራሴ ገለበጥኩት፣ እያንዳንዱን እሑድ ከራሱ ግፊት ጋር። ቀመሩን ሳስገባ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት! እሱም ያው ዜሮ ነው። ነጥብ በነጥብ ሣልኩት፤ እንደፈሰሰ ምስር ተበትኗል፣ መስመር የሚባል ነገር የለውም። መጀመሪያውኑ ሥዬው ቢሆን ኖሮ ደረጃው ያስጠረጥረኝ ነበር። ለጠርሙስ ሁልጊዜ የማደርገውን ለእናቴ ሳላደርገው ቀረሁ። ፈርቼ ነው፤ የፈራ ሰው መጀመሪያ ያየውን ይዞ ይሮጣል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ስሄድ ይህን ሁሉ እሑድ አቃጠልኩት።

ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ጎሚስታው ከታች «ምን ሆንክ?» አለኝ።

ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ከፋኝ፣ አትሳቂብኝ። ዜሮ ማለት እኮ ብዙ ባወራም ጥቂት ባወራም ለእሷ ለውጥ የለውም ማለት ነው። ያ ሁሉ ወሬ ለሰውነቷ ምንም አልነበረም። ጎዳኋት ብዬ ስፈራ ቢያንስ አንድ ነገር ነበርኩ።

እሑድ እደውላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ያልደወልኩባቸውን እሑዶች ግፊት ላኪልኝ፤ ደቂቃው ዜሮ ተብሎ ይገባል፣ ሂሳቡ ሙሉ ይሆናል። እስካሁን በቁጥር አልነገርሽኝም። እሱን አይቼ፣ ልቤ አርፎ ልደውል። ዛሬውኑ ላኪው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ላለመጻፍ ያልሠራሁት ሥራ የለም። መሳቢያዎቹን ሁሉ አጥቤአለሁ። ባለሱቁ «ምን ነካሽ?» እስኪለኝ ድረስ ክሩን በቀለም ደርድሬ፣ አፍርሼ፣ እንደገና ደርድሬአለሁ። ሁለት እሑድ ደግሞ አለፈ፣ አንተም አልደወልክም። ቁጥር ካላየህ እጅህ ስልክ አያነሳም መሰለኝ።

በቁጥር ያልነገርኩህ ረስቼው አይደለም። በነዚያ ሁሉ እሑዶች የእማዬ ግፊት 122፣ 125፣ 123፣ 126፣ እንደዚያ ነው የሰነበተው። አንድ ጊዜ እንኳ መቶ ሠላሳ አልገባም። ነርሷ «እሰይ! ምን አድርጋችሁላት ነው?» ብላ በደስታ ጨበጠችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ልጇ ጠፍቶ ነው የተሻላት ልበላት?

መጀመሪያ የደበቅኩህ ብታውቅ ጨርሰህ እንዳትቀር ብዬ ነው። ጎዳኋት ብለህ መቅረትህን ስትነግረኝ ደግሞ አፌ የባሰ ተያዘ። እኔ ደረደርኩ፣ አንተ ቸኮልክ፣ እሱስ ተስተካከለ። ይህን ግን ማን ያስተካክለው?

ሙሉውን ልኬልሃለሁ፣ ምንም አልነካሁም። የወጣውን ቁጥር ግን አንተው ጋ ይሁን፤ እኔ ባላየው ደስ ይለኛል።

እህትህ


ታኅሣሥ 22

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ጨምሬ አሰላሁት። ዜሮ ነጥብ ስልሳ አምስት ሆነ። አሁን የተሳሳተ አደራደር የለም፣ ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ሥዬዋለሁም። ያልደወልኩባቸው እሑዶች ሁሉ ከታች በኩል ጥግ ይዘው ተሰብስበዋል፣ የደወልኩባቸው ሁሉ ከላይ ናቸው።

እርግጥ አንዱ ከሌላው ጋር ሄደ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም፤ ይህን ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምር እኔ ነኝ። ክኒኑ ሊሆን ይችላል፣ አየሩም፣ ውሃው መምጣቱም። ግን ይህን ለራሴ እየነገርኩ ለመደወል ሰበብ እየፈለግኩ ይሁን እውነቱን እየተናገርኩ ይሁን አላውቅም። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየሄድኩ ነው የምጽፍልሽ። ክፍሏ ደግሞ ጠባብ ናት፣ ቶሎ ታልቃለች።

እትዬ፣ ምን ላድርግ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ። ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 23

ለወንድሜ፣

እኔ ምንም አልልህም፤ ይህ ከእኔም ከአንተም በላይ ነው። ዛሬ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሁሉንም ደብዳቤ አንብቤላት። ስጨርስ «ብዕር አንሺ» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፤ ስድቡን ቀንሺ ስላት ጨመረችበት።

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ። አንጀቴን ስታሳርር ሰንብተህ አለሁ ስላልክ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ሞተሃል ብዬ ነበር። ጎረቤቶቼን አይ አይ አልኳቸው እንጂ በልቤስ ቀብሬህ ነበር።

እናንተ ሁለታችሁ ስለ ደሜ ስትጻጻፉ እኔ የት ሄጄ ነበር? እዚሁ ነበርኩ፣ ከግድግዳው ወዲህ። አንዷ ትለካለች፣ አንዱ ያሰላል፣ አንዷ ትደብቃለች፣ አንዱ ይሸሻል። እናታችን ምን ትላለች ያለ ሰው የለም? ወልጄ ያሳደግኳችሁ ቂሎች ናችሁ እንዴ?

ስትደውል ይወጣል ነው የምትሉት? አዎ ይወጣል፣ እኔ መች አጣሁት! ገና ከጠዋቱ ነው የሚጀምረኝ። ቀሚሴን እቀይራለሁ፣ የምነግርህን በሆዴ አሰናዳለሁ። አንተ ስትመጣ ደግሞ ግማሹ ይጠፋኛል። ከዘጋህ በኋላ ቤቱን የምዞረው ያልነገርኩህ ትዝ እያለኝ ነው፤ ይህንም ረሳሁ፣ ያንንም ረሳሁ እያልኩ። በሽታ አይደለም እኮ፣ አንተን ጠግቤህ አላውቅም።

በቀረህባቸው እሑዶች ነርሷ እንደ ወጣት ሆነሻል አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደሜ ረግቶ ተኝቶ ነበር። የምጠብቀው ሰው የለኝም፣ ምን ያስነሳዋል? ፀጉሬን ሳልነካ፣ ከአልጋ ወርጄ ወንበር ላይ፣ ከወንበር ተነስቼ አልጋ ላይ። እንደዚያ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም፣ እንደዚያም ከፍቶኝ አያውቅም። እህትህ ይህን የምትጽፍበት ዓምድ አልነበራት።

ክኒኔን እውጣለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ፣ ነርሷንም እሰማለሁ። ልጄን ተዪ ካሉኝ ግን አልሰማም። መሞቴ እንደሆነ አይቀርም፤ አንተ ዝም ስላልክልኝ ለዘላለም የምኖር መሰለህ?

እሑድ ደውል። ይውጣ።»